ጆሮና ባለቤቱ

ልጄ፣

ሬዲዮ ጣቢያ መቀጠርሽን የነገረችኝ እናትሽ ናት። ስልኩን በግራ ጆሮዬ ይዤው ስለነበር «ተቀጠረች» ያለችው «ተቀጠፈች» ሆኖ ገባልኝና ወንበሩ የት እንዳለ እንኳ ጠፋኝ። ወደ ቀኝ አዛውሬ «እስቲ ድገሚው» ስላት ሳቀችብኝ። በነጋታው ደግሞ አንቺ ደወልሽ። «ጋሼ፣ ስለ ቃላት ዝግጅት አለን፤ ለእኔ የደረሰኝ ‹ጆሮ› ነው፤ የሚያውቁትን ጽፈው ይላኩልኝ» አልሽኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በችሎት ጸሐፊነት ሰው ሲናገር እየሰማሁ ስጽፍ ነው የኖርኩት፤ ስለዚህ በአንድ ገጽ የምገላገልሽ እንዳይመስልሽ። ቁጥር መስጠቴ የመዝገብ ቤት አመል ነው። አንዳንዱ ቁጥር ሥር ብዙ ታገኛለሽ፣ አንዳንዱ ሥር ሁለት መስመር።

1. እንደ ማንኛውም ጀማሪ ከመዝገበ ቃላት ጀምሪ፤ ግን እዚያው አትደሪ። «ጆሮ» ከግዕዝ የወረስነው ቃል አይደለም። ግዕዙ «እዝን» ነው፤ ትግርኛው «እዝኒ»፣ ዐረብኛው «ኡዙን»፣ ዕብራይስጡ «ኦዜን» ይላል። የአንድ እናት ልጆች መሆናቸው ያስታውቃል። አማርኛ ዓይኑን፣ አፉንና እግሩን ከእነዚህ ዘመዶቹ ጋር ተካፍሎ ሲያበቃ፣ ጆሮ ላይ ሲደርስ የራሱን መንገድ ይዞ ሄደ። የድሮ ሰዎች «ዦሮ» ይሉት ነበር፤ አያቴም እንዲያ ነበር የምትለው። ግዕዙም ቢሆን ጨርሶ ከቤት አልወጣም፤ ሰባኪው «በእዝነ ልቡናችሁ አድምጡ» ሲል እሱኑ መጥራቱ ነው። አንድ ወጥመድ አለልሽ፦ ለቅሶ ቤት ይዘን የምንሄደው «እዝን»፣ በሞሰብ ተሸፍኖ የሚገባው እንጀራና ወጥ፣ ከጆሮ ጋር ዝምድና የለውም። እሱ ከሐዘን የወጣ ነው። ይህን ሁለቱን በአየር ላይ አዛምዶ የተናገረ አንድ ሰው ሰምቻለሁና አንቺ እንዳትደግሚው።

2. ጆሮ ያለው ሰውና እንስሳ ብቻ አይደለም። ስኒ ጆሮ አለው፣ ድስት ጆሮ አለው፤ «ጆሮው የተሰበረውን ኩባያ ለእንግዳ አታቅርቢ» ስትባዪ አድገሻል። «የአህያ ጆሮ» የሚባል ቅጠሉ ሰፊና ጠጉራም የሆነ ተክልም አለ፤ ባላገር መድኃኒት ያደርገዋል። «ጆሮ ደግፍ» ደግሞ ጉንጭሽን እንደ ቆሎ ከረጢት የሚነፋው በሽታ ነው። ይህን እንደ ቅመም ነስንሺው፤ ዝግጅቱን ግን አይሸከምልሽም።

3. ከጆሮ ይልቅ የጆሮን ግሥ ተከተዪ። የቃሉ ሀብት ያለው «ሰማ» ላይ ነው።

ሰው «ትግርኛ እሰማለሁ፣ መናገር ግን አልችልም» ሲል መረዳቱን ነው የሚነግርሽ። ዋሽንግተን ያሉት የአጎትሽ ልጆች አማርኛ «ይሰማሉ»፤ አያታቸው በአማርኛ ትጠይቃለች፣ እነሱ በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ፣ ቤቱም በዚሁ ይተዳደራል። «ይህ ልጅ አይሰማም» ስንል ደግሞ ሐኪም ዘንድ አንወስደውም፤ አይታዘዝም ማለታችን ነው። ብርድ ይሰማናል፣ ሕመም ይሰማናል፣ ደስታም ይሰማናል። «ስሜት» የሚለው ቃል ራሱ የሰማ ልጅ ነው። እስቲ አስቢው፣ ቆዳችንን የሚነካውንም ሆዳችንን የሚያላውሰውንም ሁሉ አማርኛ በጆሮ በር ነው የሚያስገባው። ሁለት ሰዎች ሲሰማሙ ደግሞ ይስማማሉ። «ስምምነት» ብለን በማኅተም የምናስረው ወረቀት ከሥሩ ሲታይ እርስ በርስ መሰማማት ነው። ቅሬታ የተሞላባቸውን ስንት ውል ስገለብጥ ይህ ትዝ ይለኝ ነበር፦ ተፈራርመዋል፣ ተስማምተዋል ግን አይባልም።

ግዕዝ ከዚህም ይዘልቃል። በግዕዝ «ስምዕ» ምስክርነት ነው፤ ሰማዕትም ከዚያው ግንድ ነው። ስድስት ኪሎ በየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት አጠገብ ስታልፊ፣ በ1929 ዓ.ም. ያለቁትን የምንጠራበት ስም ውስጥ መስማት እንዳለበት አስቢ። የሰማ ሰው ዝም ማለት አይችልም፤ ይመሰክራል፣ አንዳንዴም በሱ ይሞታል። ስምዖንም እስማኤልም ከዚህ ከመስማት የወጡ ስሞች ናቸው። የኛው «ተሰማ»ም አለ። አፄ ምኒልክ ወደ ጀርመን አገር የላኩት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ድምፁን በሸክላ በማስቀረጽ ቀዳሚው ኢትዮጵያዊ ነው ይባላል። ስሙን ያወጡለት ወላጆች ይህን ያውቁ ይመስል!

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገርሽ፤ ይህን ቁጥር ያስረዘምኩት ለሱ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች የተጣሉበት የወንጀል ጉዳይ ነበር። ክርክሩ ሁሉ ያን ሌሊት ጩኸት ነበረ ወይስ አልነበረም በሚለው ላይ ተንጠለጠለ። አንዲት ባልቴት ለምስክርነት ቀረቡና «ተኝቼ ነበር፤ አንድ ነገር ተሰማኝና ተነሣሁ፤ ደጁን ስከፍት ልጁ ወድቋል» አሉ። እኔ ደግሞ ፈጣን ጸሐፊ ነኝ ባይ፣ «ድምፅ ሰምቼ ተነሣሁ» ብዬ ጻፍኩ። ዳኛው «ይነበብላቸው» አሉ። ሳነብ ሴትዮዋ ነጠላቸውን ከአፋቸው ገለጥ አደረጉና «ኧረ ልጄ! ድምፅ መቼ ሰማሁ አልኩ? ሆዴን ነው የተሰማው» አሉ። ችሎቱ ጸጥ አለ። በአንዲት ቃል ያልነበረ ጩኸት ልፈጥር ነበር፣ በዚያም ጩኸት አንድ ሰው ሊታሰር ይችል ነበር። ዳኛው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ፤ ምንም አላሉም። መሥመሩን ሰርዤ፣ ከላዩ በትክክል ጽፌ፣ ስርዙ ላይ ፈረምኩ። ከዚያ ወዲህ «ተሰማኝ» ያለን ሰው ሁሉ «በጆሮ ነው በሆድ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንቺም ማይክሮፎን ይዘሽ የገበያ ሰው ስታናግሪ ይህችን ጥያቄ አትርሺ።

4. ፍርድ ቤት ሲባል ዓይንሽ ላይ የሚመጣው ካባና መዶሻ ይሆናል፤ የኛ ቋንቋ ግን ችሎትን በጆሮ ነው የሚያውቀው። «ይግባኝ ሰሚ»፣ «ሰበር ሰሚ ችሎት»፣ «ቅሬታ ሰሚ» እንላለን፤ ዳኛ ምስክር «ይሰማል»። ተበዳይም ሲማረር «ፈራጅ አጣሁ» ከማለቱ በፊት «ሰሚ አጣሁ» ይላል። ሕጉስ ቢሆን? በ1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረው ነጋሪት ጋዜጣ ስሙን የወሰደው አዋጅ ሲነገር ከሚጎሰመው ነጋሪት ነው። አዋጅ ነጋሪው አደባባይ ቆሞ «ስማ፣ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይል ነበር። ሕዝቡ ሕግን ከማንበቡ በፊት ሰምቶታል፤ ወረቀቱ ሲመጣም የከበሮውን ስም ይዞ ቀረ። የዛሬው ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣም ድምፅ ሳይኖረው በዚያው ይጠራል።

ንጉሡ «አፈ ንጉሥ» የሚባል ሹም ነበራቸው፤ ምክር ቤቱም ዛሬ «አፈ ጉባኤ» አለው። ጆሮ የሚባል ሹመት ግን አልሰማሁም። ምናልባት ጆሮን ለሌላ ሰው መስጠት ስለማይቻል ይሆናል። እንዲያም ሆኖ የድሮ መኳንንት አንድ ብልሃት ነበራቸው፦ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር። በጋራው ላይ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ያንጎራጎረው ግጥም አገሩ ውስጥ ውስጡን የሚያስበውን ያወጣዋል ብለው ያምኑ ነበርና። አንቺ የዜና ክፍል ስብሰባ ላይ ስትቀመጪ ከጽሕፈት ቤት የመጣ መግለጫ ይሰጡሻል። እረኛውን ማን ጠየቀው በዪ፤ ዛሬ እረኛሽ የታክሲ ረዳት ሊሆን ይችላል።

5. ስለ «ጆሮ ጠቢ» ሳልነግርሽ አላልፍም። ቃሉን ቀስ ብለሽ አላምጪው፦ ጆሮ የሚጠባ። ከጡት ወተት እንደሚጠባ ሁሉ ከሰው ጆሮ ወሬ የሚጠባ። ሰላይ፣ ነጭ ለባሽ፣ ወሬ አቀባይ ከሚሉት ሁሉ ይልቅ ይቺ ቃል ትቀፈኛለች፤ እላዬ ላይ የተጣበቀ ነገር ያለ ይመስለኛል።

በደርግ ዘመን አባቴ ማታ ማታ የጀርመን ድምፅን ያዳምጥ ነበር። የአማርኛው ክፍል ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ስለሆነ እሱ ከጉብዝናው ጀምሮ ለምዶታል። ሬዲዮኑን አልጋው ላይ አስቀምጦ፣ ከነጭንቅላቱ ጋቢ ተከናንቦ፣ ጆሮውን ከድምፅ ማጉያው ጋር አጣብቆ ይተኛል። እኛ የምናየው ጋቢ የለበሰ ጉብታ ብቻ ነው። እናቴ በር በሩን ታያለች። ጉብታው አንዳንዴ «እህ!» ይላል፣ አንዳንዴ «ኧረ ተው!»፤ እኛ ልጆች ዜናውን የምንከታተለው ከነዚህ ሁለት ቃላት ነበር። ሲጨርስ መርፌውን ወደ አገር ቤቱ ጣቢያ መልሶ ነው የሚያጠፋው፤ ጆሮ ጠቢ ድንገት ገብቶ ቢከፍተው ማርሽ እንዲሰማ።

ይህን የምነግርሽ ለትዝታ ብቻ አይደለም። አንቺ ነገ የምትናገሪው እንዲያ ጋቢ ተከናንቦ ለሚያዳምጥ ሰው ይሆናል። እና እባክሽ «ጆሮ ዳባ ልበስ» የሚለውን አታድክሚው። ዳባ መናኝ የሚለብሰው የቆዳ ልብስ ነው፤ ጆሮ ያንን ለብሶ ድምፅ እንዳያስገባ ማለት ነው፤ እንዴት ያለ ሥዕል ነው! እናንተ ግን በየዜናው «ኃላፊዎቹ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋል» እያላችሁ ቆዳውን አሳሳችሁት። ላለመስማት ሲፈልጉ «የዝሆን ጆሮ ይስጠኝ» የሚሉም አሉ፤ እሱም ተራውን ያግኝ። «ጆሮ ጭው የሚያደርግ ዜና» የምትሉትንም ጆሮው እውነት ጭው ላለበት ሰው ተዉለት። ምክንያቱን ቁጥር 8 ላይ ታገኚዋለሽ።

6. «ደንቆሮ» የሚለውን ቃል ከአፍሽ አውጪው። አማርኛ እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል ሆኗል፤ ጆሮው ያልሰማለትንና አእምሮው ያልሠራለትን በአንድ ቃል ጠራቸው፤ «ድንቁርና»ም ከዚያው ወጥቶ አለማወቅ ሆነ። ተረቱም አልማራቸውም፤ «የደንቆሮ ልቅሶ መልሶ መላልሶ» ይባላል። እኛ መሥሪያ ቤት መዝገብ የሚጠርዝ መስማት የተሳነው ባልደረባ ነበረን። ሙጫውንና መርፌውን ይዞ ጥግ ላይ ይቀመጣል። ዳኞቹ ለውሳኔ ከጓዳ ሲወጡ ፊታቸውን አንዴ ያይና በጣቱ ወይ ወደ በሩ ወይ ወደ ማረፊያ ቤቱ ያመለክተኛል፤ ነጻ ወይም ጥፋተኛ ማለቱ ነው። ውሳኔው ሲነበብ ስንት ጊዜ እሱ ያለው ሆነ መሰለሽ። ከእኛ ጆሮ ካለን ሰዎች መሐል ያን ያህል «የሰማ» አላየሁም። እሱ ያስተማረኝ አምስት ስድስት ምልክት ዛሬም እጄ ላይ አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያን የምልክት ቋንቋ በዲግሪ ያስተምራል፤ ከዚያ ባለሙያ ሳትጠይቂ ስለ ጆሮ የሠራሽውን ዝግጅት አታስተላልፊ።

7. ቤተ ክህነት ጆሮን እንደ ማሳ አልምቶታል። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ከመምህር ወደ ተማሪ በጆሮ ሲተላለፍ ኖሮ፣ ምልክት የተበጀለት በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ ነው፤ ሥራው የአዛዥ ጌራና የአዛዥ ራጉኤል ነው ይባላል። ምልክቱ ከመጣ በኋላም ተማሪው ያው ከመምህሩ አፍ ሥር ነው የሚቀመጠው። የቅኔው ጆሮ ደግሞ ሌላ ነው፤ አንዱን ድምፅ ሁለት ጊዜ የሚሰማ። ቀላሏን ልስጥሽ። «አባቶች ታዘዙ ይሉሃል፣ ስማቸው» ብልሽ፣ «ስማቸው» አባቶችን አድምጥ ነው ወይስ የአባቶች መጠሪያ? ስምና መስማት በአንዲት ቃል ተደራርበዋል። የቅኔ ሰው እንዲህ ያለውን «ኅብር» ይለዋል። ሰሙ አንዱ፣ ወርቁ ሌላው። (የጆሮው ግን ሰም አይባልም፤ ኩክ ነው። አንድ ተርጓሚ «የጆሮ ሰም» ብሎ ሲጽፍ አይቼ ቀኑን ሙሉ ተናድጄ ዋልኩ።)

8. አሁን ስለ ሥጋው ጆሮ። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ መምህር የሰባት ብዜትን ስላሳሳትኩ የግራ ጆሮ ግንዴን በጥፊ አጮለኝ። ጭው አለ። ጭውታው ወደ ማታ ተወኝ፤ ከጭውታው ጋር ግን የመስማቴ ግማሽ አብሮ ሄደ። ሐኪም ዘንድ የሄድኩት ካደግሁ በኋላ ነው፤ የጆሮ ታምቡር እንዲህ ባለ ጥፊ እንደሚቀደድ፣ ቶሎ ከታየ ብዙውን ጊዜ እንደሚድን ነገረኝ። ልጅ ስትወልጂ ቁንጥጫውንም ጆሮ መጠምዘዙንም ተዪው፤ ጥፊውማ አይነሣ።

ከታምቡሩ ኋላ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች አሉ፤ መዶሻ፣ መስፍና እርካብ ይባላሉ። ስም ያወጣላቸው ሰው አንጥረኛና ፈረሰኛ አንድ ቤት ውስጥ ያስገባ ይመስላል። እርካቧ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፤ ከሰው አጥንት ሁሉ ትንሿ እሷ ናት። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ክብሪት እንጨት ወደ ጆሮው የሚሰድ ሰው ሳይ ራሴን ይነዝረኛል። አያቴ ከአንገቷ ጌጥ ጋር የምታንጠለጥላት የብር ኩክ ማውጫ ነበረቻት፤ ማንኪያ የመሰለች ውብ ነገር ናት፤ እናትሽ ዘንድ አለች፣ ለጌጥ ትሁን። ኩክ በራሱ እየተገፋ ይወጣል፤ የሚጎረጉረው ሰው ወደ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል። ጆሮ መግል ካወጣ ዘይትም ቅቤም አይጨመርበትም፣ ሐኪም ይየው።

አንቺ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ኢርፎን ሰክተሽ ልትውዪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ድምፁን ከ60 በመቶ በታች አድርጉት ይላል፤ 80 ዴሲቤል የሚደርስን ድምፅ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ማዳመጥም ጆሮን ይጎዳል ይላል። በመላው ዓለም የመስማት ችግራቸው እርዳታ የሚያሻው ሰዎች ከ430 ሚሊዮን በላይ ናቸው። የመስማት ቀን የሚከበረው በፈረንጅ ማርች 3 ነው፤ 3/3 ሲጻፍ ሁለት ጆሮ ይመስላል ብለው ነው የመረጡት። በኛ የካቲት 24 ይውላል፣ የዓድዋ በዓል ማግሥት። የዝግጅትሽን ቀን ለመምረጥ ከቻልሽ ያቺን ያዢ፤ ሰው በዋዜማው ስለ ነጋሪት ሲያወራ ይሰነብታልና ጆሮው ክፍት ይሆናል።

9. የመጨረሻው አጭር ነው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል፤ ሰው ሁሉ ስላንቺ የሚያወራውን ሰምቶ ሲጨርስ አንቺ ነሽ የምትቀሪው። በሬዲዮ ሥራ ይህ ይብሳል። ድምፅሽን በራስሽ ጭንቅላት ውስጥ ሆነሽ ነው የምትሰሚው፤ አድማጩ የሚሰማው ሌላ ሴት ነው። የመጀመሪያ ዝግጅትሽን ቅጂ ለብቻሽ ሆነሽ አዳምጪው፤ ታፍሪያለሽ፣ ይህች ማናት ትያለሽ። ከዚያ እናትሽን ጠይቂያት፤ እሷ አታባብልሽም። እኔንም ጠይቂኝ።

ቅዳሜ ቀረጻውን ይዘሽ ስትመጪ ቡናው ይፈላል። መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ተቀመጪ፤ እሱ በቀኜ በኩል ነው።